ዳታ የሚበላውን ለመያዝ፦ የስልኩ ሴቲንግ ወይስ ፋየርዎል አፕ?

ማታ 1 ጊጋ ነበረኝ። ጠዋት ስነሳ 300 ሜጋ ቀርቷል፤ ስልኩን ማንም አልነካውም። እንዲህ ሲገጥማችሁ ሁለት መንገድ አለ።

የስልኩ ሴቲንግ፦ ነፃ ነው፣ የሚጫን ነገር የለውም። አንድሮይድ ላይ ዳታ አጠቃቀም ውስጥ ግቡና አንዱን አፕ ንኩት። ስትጠቀሙበት የበላውንና ከጀርባ የበላውን ለይቶ ያሳያል። እኔ እንዲህ ሳይ የፎቶ አፑ ሌሊቱን ሙሉ ቪዲዮ ወደ ክላውድ ሲጭን አድሮ ነበር! የጀርባ ዳታውን እዚያው ዘጋሁት። አይፎን ላይ የምታዩት ድምር የወራት ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ቆጣሪውን ዜሮ አድርጉት።

ፋየርዎል አፕ፦ የሌሎቹን አፖች የኢንተርኔት ግንኙነት የሚቆጣጠር አፕ ነው። እያንዳንዱ አፕ ከየትኛው ሰርቨር ጋር እንደሚገናኝ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነም ሊያሳይ ይችላል። አንዱን አፕ በሞባይል ዳታ ከልክሎ በዋይፋይ ብቻ መፍቀድም ይቻላል። ግን አንድሮይድ ላይ ስልኩ ሩት ካልተደረገ (ሙሉ የሲስተም ፈቃዱ ካልተከፈተ) አብዛኞቹ የሚሠሩት እንደ ቪፒኤን ሆነው፣ ማለትም የስልኩን ኢንተርኔት በራሳቸው በኩል እያሳለፉ ነው። ስለዚህ ሌላ ቪፒኤን አብሮ አይሠራም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የኢንተርኔት ግንኙነታችሁ በሙሉ በፋየርዎሉ እጅ ያልፋል። ሠሪውን ካላወቃችሁት በጭራሽ አትጫኑት።

ሌባው አንድ አፕ ከሆነ ሴቲንጉ ይበቃል፤ ከዚያ ጀምሩ። ዝርዝሩ ላይ «ሲስተም» ብቻ ጎልቶ ከወጣ፣ ወይም ፍጆታው በተወሰነ ሰዓት ብቻ ከሆነ፣ ያኔ ፋየርዎሉ ይጠቅማል። ሆትስፖት ከፍታችሁ ከሆነ ግን ሁለቱንም ተዉና የተገናኘውን ላፕቶፕ እዩ፤ ዝማኔ እያወረደ ይሆናል።