«እንሶስላ ሞቀሽ ነው?» ብሎ ለጠየቀኝ ፋርማሲስት

ሰላም ናችሁ? ዛሬ የምጽፈው ስለ ሰፈራችን ፋርማሲስት ነው። ስሙን እንዳልጠቅስ ለምኖኛል። የፋርማሲውን አድራሻ ግን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ።

ሰባት ወር ሙሉ ታምሜ ነበር። ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ዓይኔ ይጨልማል፣ ምግብ ሲሸተኝ ያቅለሸልሸኛል፤ 61 ኪሎ የነበርኩት ሴት 47 ገባሁ። የምመላለስበት ክሊኒክ አንዴ «ታይፎይድ ነው» ይለኛል፣ አንዴ «ጨጓራ ነው»። የታይፎይዱን መድኃኒት ሦስት ዙር ጨርሻለሁ። ቤተሰቡ ደግሞ «ምነው ጠቆርሽ?» ሲለኝ በፀሐይ አሳብቤ አልፋለሁ፤ አስተማሪ ነኝ፣ ሰልፍ ላይ መቆም አለ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ የጨው ነገር ነበር። እማዬ የሠራችው ወጥ ሁሉ አልጫ አልጫ ይለኛል። ማታ ሰው ሲተኛ ጓዳ ገብቼ ጨው እየቆነጠርኩ እልስ ነበር። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የጨጓራ ኪኒን ልገዛ ገባሁ። ብሩን ስዘረጋለት መዳፌን አየና «እህቴ፣ እንሶስላ ሞቀሽ ነው እንዴ?» አለኝ። ሠርግ የለኝ፣ ምን የለኝ! ግን እውነቱን ነው፤ የመዳፌ መስመሮች በቡና ዝቃጭ የተሰመሩ ይመስሉ ነበር። የራሱን መዳፍ ከእኔ አጠገብ ዘርግቶ አስተያየኝ። እሱ ከእኔ ይጠቁራል፣ መስመሮቹ ግን ፈዛዛ ናቸው። ቀጥሎ ድዴን አየ። «ተነቅሰሻል?» አልተነቀስኩም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጨው ያምርሻል?» ሲለኝ እዚያው ባንኮኒው ላይ እንባዬ መጣ።

ግፊቴን ተቀምጬ ለካኝ፣ ደግሞ አስቁሞ ለካኝ። የላይኛው 95 የነበረው ስቆም 70 ሆነ። ኪኒኑን አልሸጠልኝም። «ምን እንደሆነ የሚለየው ሐኪም ነው፣ ግን ነገ እንዳትዪ፣ አሁኑኑ ሂጂ» ብሎ ያየውን ሁሉ በወረቀት ጻፈልኝ፤ ከሥር «ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ኮርቲሶል ቢታይ» የሚል ጨመረበት። ሱቁን ለረዳቱ ትቶ ታክሲ ድረስ ደግፎ ሸኘኝ።

ጥቁር አንበሳ ስደርስ ደም ቀዱልኝና ውጤቱን ሳይጠብቁ 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲሶን በደም ሥሬ ሰጡኝ፣ ጨው ያለው ግሉኮስም ሰቀሉልኝ። በማግስቱ ጠዋት እንጀራ በወጥ ስጠይቅ እማዬ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ምርመራው ሲያልቅ አዲሰን የሚባል በሽታ ሆኖ ተገኘ። እማዬ ለጎረቤት ስትነግር «አዲስ በሽታ ነው አሉ» ትላለች፤ ስንት ጊዜ ባርማትም አልሆነልኝም። አዲስ እንኳ አይደለም፤ ቶማስ አዲሰን የሚባል የለንደን ሐኪም የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1855 ነው። ኩላሊታችን ላይ እንደ ቆብ የተደፉ ሁለት ትናንሽ እጢዎች አሉ። እነሱ ሲጎዱ ግፊታችንንና የሰውነታችንን ጨው የሚጠብቁት ሆርሞኖች ይጠፋሉ። እኔን ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የያዘኝ ቲቢ ነው እጢዎቹን የጎዳቸው። ሳንባዬን ታክሜ ድኛለሁ ብዬ ረስቼው ነበር።

እንግዲህ የጠፉትን ሆርሞኖች የሚተካው ኪኒን ዕድሜ ልክ ነው፣ አንድ ቀን አይዘለልም። የፋርማሲስቱ ዋና ውለታ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ፍሉድሮኮርቲሶን የሚባለው ኪኒን አንዳንዴ ከገበያ ይጠፋል። እሱ የእኔ ኪኒን የሚያልቅበትን ቀን በደብተር መዝግቦ ከሁለት ሳምንት በፊት ይደውላል፤ እሱ ጋ ከሌለ የት እንዳለ አፈላልጎ ይነግረኛል። ከመታወቂያዬ ጋር የምይዘው ካርድም በትልልቅ ፊደል ጻፈልኝ፤ ራሴን ስቼ ብገኝ ምን መርፌ እንደሚሰጠኝ የሚናገር ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ «ጠዋት ኪኒኑን ከምግብ ጋር ትወስጃለሽ፣ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው» አለኝ። ነገርኳቸው፣ አባም «መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ» ብለው ፈቀዱልኝ።

እህቴን ደግሞ መርፌ መውጋት ያስተማራት እሱ ነው፣ በብርቱካን። ስትስቅ «ሳቂ፣ ግን ቀጥ አድርገሽ ውጊ» ይላታል። ክረምት ላይ ትኩሳት ያዘኝ። እንደታዘዝኩት ኪኒኑን እጥፍ አድርጌ ብውጠውም ሁሉንም አስመለሰኝ። ሌሊት 9 ሰዓት ነው፣ ዝናቡ ዶፍ ነው፣ መኪና የለም። እህቴ እጇ እየተንቀጠቀጠ ጭኔን ወጋችኝ። ሐኪም ቤት የደረስኩት ሲነጋ ነው፤ ዶክተሩ ያቺ መርፌ ባትኖር ኖሮ ብሎ አልጨረሰውም።

የምትሄዱ ሰዎች ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ያለ ሐኪም ማዘዣ አንቲባዮቲክ አይሸጥም፣ አትለምኑት። ወሬም ያበዛል፤ ከፊታችሁ ሁለት ሰው ካለ ግማሽ ሰዓት ትቆማላችሁ። እኔ አሁን ሰልፉ ሲረዝም አይከፋኝም።

58 ኪሎ ገብቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ኪኒኔን ልወስድ ሄጄ መዳፌን ዘርግቼ አሳየሁት። መነጽሩን አስተካክሎ ትኩር ብሎ አየና «እንሶስላው ለቋል» አለኝ። ከኋላዬ የቆሙት እትዬ «የማን ሠርግ ነበር?» ብለው ጠየቁን።