«የአካል ጉዳት ሽፋን አለው» ስለተባላችሁ ብቻ አትፈርሙ

ከሕይወት መድን ወይም ከባንክ ብድር ጋር ተለጥፎ በትንሽ አረቦን (ለመድን በሚከፈል ዋጋ) የሚሸጥ ተጨማሪ ሽፋን አለ። ወኪሉ «ጉዳት ደርሶባችሁ መሥራት ቢያቅታችሁ ይከፈላችኋል» ይላል፤ በራሪ ወረቀቱም «የአካል ጉዳት ሽፋን» ብሎ በደማቅ ፊደል ይደግመዋል። ውሉ ውስጥ የሰፈረው ግን ብዙ ጊዜ «በአደጋ ምክንያት የደረሰ ቋሚና ሙሉ የአካል ጉዳት» የሚል ነው። እዚህ ሐረግ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ቃል ካሳ ጠያቂን የሚያስቀር ወንፊት ነው። ዋጋው የረከሰውም ለዚሁ ነው።

«በአደጋ» ከሚለው እንጀምር። ሰው ለረጅም ጊዜ ከሥራ የሚርቀው በአብዛኛው በበሽታ ነው፤ በወገብና በመገጣጠሚያ ሕመም፣ በካንሰር፣ በልብ ችግር፣ በአእምሮ ሕመም። የአደጋ ብቻ ሽፋን እነዚህን ከነጭራሹ አያውቃቸውም። አደጋ የሚባለውም ድንገተኛና ከውጭ የመጣ ክስተት ብቻ ነው። አንድ ሰው ከደረጃ ወድቆ አከርካሪው ቢጎዳ ነገሩ አደጋ ይመስላል። የሆስፒታሉ መዝገብ «የወደቀው ስትሮክ መትቶት ነው» ካለ ግን መድን ሰጪው ጉዳዩን ወደ በሽታ አዙሮ ፋይሉን ይዘጋዋል። በስኳር ሕመም የተነሳ እግሩ የተቆረጠ ሰውም ከዚህ ሽፋን ምንም አያገኝም።

«ቋሚ» ሲባል ደግሞ ጉዳቱ ሳይቋረጥ 6 ወይም 12 ወር መቆየት አለበት፣ በዚያ ላይ ሐኪም «ከእንግዲህ አይሻለውም» ብሎ መፈረም አለበት። እግሩ ተሰብሮ 4 ወር የተኛ ሰው አይካተትም። 8 ወር የካንሰር ሕክምና ወስዶ ወደ ሥራ የተመለሰም አይካተትም። «ሙሉ» የሚለው ቃል ግማሽ ቀን መሥራት የሚችለውን ያስወጣል።

ከሁሉም የከፋው ወጥመድ ግን «መሥራት አለመቻል» የሚለው ነው። የትኛውን ሥራ? ውሉ ውስጥ «የአካል ጉዳት ማለት» ብሎ የሚጀምረውን አንቀጽ ፈልጉና ቃል በቃል አንብቡት። «የራስን ሥራ ዋና ዋና ተግባራት ማከናወን አለመቻል» የሚል ከሆነ ጥሩ ነው። «በትምህርት፣ በሥልጠናና በልምድ የሚመጥንን ማንኛውንም ሥራ» ካለ ጠበብ ብሏል። «ገቢ የሚያስገኝ ማንኛውንም ሥራ» ብቻ ካለ ወረቀቱን ለወኪሉ መልሱለት። የዲስክ መንሸራተት ያጋጠመውን ግንበኛ አስቡ። ብሎኬት ማንሳት ስለማይችል በመጀመሪያው ትርጓሜ ይከፈለዋል። በሁለተኛው «20 ዓመት ልምድ አለህ፣ ሠራተኛ መቆጣጠር ትችላለህ» ይባላል። በሦስተኛው ደግሞ በር ላይ ወንበር ይዞ መጠበቅ እስከቻለ ድረስ ለመድን ሰጪው ጤነኛ ነው። ያ ሥራ ይገኝ አይገኝ፣ ደመወዙ ስንት ይሁን፣ ብዙውን ጊዜ ማንም አይጠይቅም።

በቀጣሪ በኩል በሚገዙ የቡድን ሽፋኖች ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ትርጓሜዎች ተቀጣጥለው ይመጣሉ። ለመጀመሪያዎቹ 24 ወራት «የራስን ሥራ» ይላል፣ ከዚያ በኋላ ወደ «ማንኛውም የሚመጥን ሥራ» ይዞራል። ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ ሲከፈለው የነበረ ሰው፣ ሕመሙ ባለበት እያለ የማቋረጫ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ይህ የመድን ሰጪው ማጭበርበር አይደለም፤ ውሉ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበረ። የአእምሮ ሕመምን በተመለከተም ክፍያውን በ24 ወር የሚገድቡ ውሎች ብዙ ናቸው።

ጎን ለጎን መታወቅ ያለበት ነገር፦ የአካል ጉዳተኝነት ማስረጃ መያዝ ብቻውን ለካሳ አያበቃም። መስማት የተሳነው የሒሳብ ባለሙያ ሥራውን እየሠራ እስካለ ድረስ በውሉ ትርጓሜ ጉዳት የደረሰበት ሰው አይደለም። የመድን ውል የሚለካው የመሥራት አቅምን ነው፣ እሱንም በራሱ ሚዛን።

ለየአካል ክፍሉ ከመድን ገንዘቡ ስንት በመቶ እንደሚከፈል የሚዘረዝር የካሳ ሠንጠረዥ ያላቸው ውሎች ላይ ደግሞ «ማጣት» እንዴት እንደተተረጎመ እዩ። በተለመደው ሠንጠረዥ ሁለት እጅ ወይም ሁለት ዓይን 100 በመቶ፣ አንድ እጅ ወይም አንድ እግር 50 በመቶ፣ የአንድ እጅ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት አንድ ላይ 25 በመቶ ያስከፍላሉ። እጅ ማጣት ማለት ግን ከአንጓው ላይ ወይም ከዚያ በላይ መቆረጥ ነው። ነርቩ ተበጥሶ የማይንቀሳቀስ እጅ፣ ተንጠልጥሎ እስካለ ድረስ ዜሮ ሊሆን ይችላል። «አገልግሎት ማጣትንም ይጨምራል» የሚል ሐረግ ከሌለ በጽሑፍ አስጨምሩ። ጉዳቱ ከአደጋው በኋላ በስንት ቀን ውስጥ መድረስ እንዳለበትም ተመልከቱ፤ 90፣ 180 ወይም 365 ቀን ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች እግሩን ለማትረፍ ወራት ታግለው በመጨረሻ ቢቆርጡት፣ 90 ቀን የሚለው ውል አይከፍልም።

ገንዘቡም እንደተነገራችሁ አይመጣም። ወርሃዊ ገቢ የሚተካ ሽፋን ብዙ ጊዜ ከደመወዝ 60 በመቶ ያህል ይከፍላል፤ ክፍያ ከመጀመሩ በፊት ከሥራ ርቃችሁ የምትቆዩበት የመጠበቂያ ጊዜ 30፣ 60፣ 90 ወይም 180 ቀን ነው። ክፍያው በወሩ መጨረሻ ስለሚፈጸም 90 ቀን የሚል ውል የመጀመሪያውን ገንዘብ የሚሰጠው በ120ኛው ቀን ገደማ ነው። ከዚያ ደግሞ ተቀናሽ አለ። ከሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ ከጡረታ ወይም ከሥራ ላይ ጉዳት ካሳ፣ የደመወዛችሁን 35 በመቶ የምታገኙ ከሆነ መድን ሰጪው ከ60ው ላይ ቀንሶ 25 በመቶ ብቻ ይሰጣችኋል። አረቦኑን ግን ለሙሉው 60 ከፍላችኋል። ከሕይወት መድን ጋር የተለጠፈው ሽፋን በአንድ ጊዜ ሲከፈል ብዙ ጊዜ ከሞት ካሳው ላይ ይነሳል፤ ለቤተሰብ የሚተርፍ ነገር ላይኖር ይችላል። ከብድር ጋር የሚሸጠው ደግሞ ለእናንተ ሳይሆን ለባንኩ ነው የሚከፍለው፤ አረቦኑ ብድሩ ላይ ከተደመረም ወለድ እየከፈላችሁበት ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት በራሪ ወረቀቱን ትታችሁ ሙሉውን የውል ሰነድ ጠይቁ። «ከፈረማችሁ በኋላ ይላካል» ከተባላችሁ ተነሱና ሂዱ። ከዚያ ወኪሉ በጽሑፍ እንዲመልስ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ በሽታን ይሸፍናል ወይ? የራሴን ሥራ የሚለው ትርጓሜ ለስንት ወር ይቆያል? በከፊል መሥራት ብችል፣ ገቢዬ ቢያንስ 20 በመቶ ሲቀንስ ይከፈለኛል ወይ? በቃል የተሰጠ መልስ ካሳ ስትጠይቁ ዋጋ የለውም። የጤና መጠይቁን ወኪሉ «እኔ እሞላዋለሁ» ቢል አትፍቀዱ። «የደም ግፊት? እሱ ምንም አይደል፣ የለም በሉ» የምትል ምክር ለእሱ ኮሚሽን፣ ለእናንተ ውል ማፍረሻ ናት። የጤና መጠይቅ የሌላቸው ውሎችም ነፃ አይደሉም። ብዙዎቹ ከመግባታችሁ በፊት በነበሩት 3 ወራት የታከማችሁበት ሕመም በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ውስጥ ከሥራ ቢያስቀራችሁ አይከፍሉም።

ቀድማችሁ ገዝታችሁ ካሳ ልትጠይቁ ከሆነ፣ ብዙዎች የሚወድቁት በሐኪም ደብዳቤ ነው። «ታማሚው መሥራት አይችልም» የሚል አንድ መስመር ለመድን ሰጪው ማስረጃ አይደለም። ደብዳቤው ያለ ዕረፍት ስንት ደቂቃ መቀመጥና መቆም እንደምትችሉ፣ ስንት ኪሎ ማንሳት እንደምትችሉ፣ መድኃኒቱ ትኩረታችሁን እንዴት እንደሚቀንስ፣ ይህንንም የትኛው ምርመራ እንዳሳየ ይዘርዝር። ከጎኑ የሥራ ዝርዝራችሁን አያይዙ፣ ግን የቅጥር ደብዳቤው ላይ ያለውን የሁለት መስመር መግለጫ ሳይሆን በቀን ውስጥ በትክክል የምትሠሩትን ከነሰዓቱ። መድን ሰጪው ሥራችሁን የሚመዝነው በጥቅሉ በገበያው እንደሚሠራው ነው፤ የእናንተ የሚለይበትን ካልጻፋችሁ አያውቀውም። በመጠበቂያው ጊዜ ውስጥ «ትንሽ ልሞክር» ብላችሁ ሁለት ቀን ብትሠሩ ቆጠራው ከዜሮ ሊጀምር ስለሚችል፣ ከመሞከራችሁ በፊት ውሉ ይህን እንዴት እንደሚያየው አረጋግጡ።

የእምቢታ ደብዳቤ ከደረሳችሁ የተጠቀሰውን የአንቀጽ ቁጥር ያዙ፣ የፋይላችሁን ቅጂ በጽሑፍ ጠይቁ፣ የይግባኙን ቀነ ገደብ ወዲያው መዝግቡ። የስልክ ክርክር ቀኑን ከመብላት በቀር ፋይሉ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም።