ለቫዮሊን መምህራችን ምስጋና፣ ለድሬ ሰዎች ደግሞ ጥቆማ

ድሬዎች እንዴት ናችሁ? ይህን ምስጋና መጻፍ ከነበረብኝ ወራት አልፈዋል። የአባዬ ሕመም፣ ከዚያ ልቅሶው፣ ከዚያ ደግሞ ሥራ፣ እንዲሁ ሲገፋ ቆየ። ዛሬ ግን ሳልጽፍ አላድርም ብዬ ተቀመጥኩ።

የመምህሩን ስም አልጽፍም። «እህቴ፣ ስሜ ይቅር፣ ሥራውን ንገሪያቸው» ስላለኝ ነው። ሳቢያንና ከዚራ ያላችሁ ግን ቫዮሊኑን ጀርባው ላይ አንግቶ በእግሩ ሲሄድ ሳታዩት አትቀሩም።

ነገሩ የጀመረው በልጄ ነው። አስራ አንድ ዓመቷ ነው። ቤተክርስቲያን ውስጥ ከመዘምራኑ ጋር ሲጫወት ካየችው ቀን ጀምሮ «ቫዮሊን፣ ቫዮሊን» ብላ መውጫ መግቢያ አሳጣችኝ። ከአዲስ አበባ በሰው አስገዛሁላት። ቤት ደርሶ ሲከፈት ድምፁ የታፈነ፣ ሆዱ ውስጥ ደግሞ የሆነ ነገር ይንኳኳል። ሻጩ ጋ ስደውል «የእናንተ አገር ሙቀት ነው ያበላሸው» ብሎ ዘጋብኝ። ልጄ ያን ቀን ምሳም እራትም አልበላችም።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ይዤለት ሄድኩ። አንዴ ነቅነቅ አድርጎ ሰማውና «ምሰሶዋ ወድቃ ነው፣ አይዞሽ» አላት ልጄን። ለካ ቫዮሊን ሆድ ውስጥ ከእርሳስ የማትወፍር አንዲት እንጨት አለች። ከላይና ከታች ባለው ሳንቃ መሃል ተወጥራ ነው የምትቆመው፤ ሙጫ የለ፣ ምስማር የለ። ክሮቹ ሲላሉ ወይም ዕቃው መንገድ ላይ ሲጋጭ ትወድቃለች፣ ከወደቀች ድምፁ የለም፣ እንደዚያው ክሩን ከወጠሩት ደግሞ የላዩ እንጨት ሊሰነጠቅ ይችላል። እንደ እባብ የተጣመመች ቀጭን ብረት አወጣ። እንጨቷን ጫፏ ላይ ሰክቶ በጎን ባለችው ቀዳዳ አስገባት። ልጄ የስልክ መብራት ያዘችለት፣ እሱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ እያጮለቀ፣ ስታመልጠው እንደገና እያነሳ፣ ላቡ በአገጩ እየወረደ ግማሽ ሰዓት ያህል ታገላት። ስትቆምለት ብርኩማውን፣ ክሮቹን ከፍ አድርጎ የሚይዘውን እንጨት፣ አስተካክሎ አራቱንም ክር በየተራ ቃኘ። ቀስቱን ሲያሳርፍበት ልጄ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

ስንት ልክፈል ስለው «ቅዳሜ ጠዋት ይዘሻት ነይ» ብቻ አለኝ።

ሰውዬው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረ ነው። አዲስ አበባ እየተመላለሰ ክላሲካል ኮንሰርት ላይ ይጫወታል፣ እዚህ ደግሞ በአምልኮ ያገለግላል፣ ልጆች ያስተምራል። አንዳንዶቻችን ይህ ነገር ግር ብሎን ነበር፣ እውነቱን ልናገር። አንድ አባታችን በወጣቶች ፕሮግራም ላይ «ልጄ፣ በሁለት መድረክ እንዴት ይሆናል?» ብለው በፍቅር ጠየቁት። አልተቆጣም። ቪቫልዲ የተባለው ጣሊያናዊ የቫዮሊን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1703 ቅስና የተቀበለ ካህን እንደነበረ፣ ቬኒስ ውስጥ ወላጅ የሌላቸውን ሴት ልጆች ቫዮሊን ሲያስተምር እንደኖረ ነገራቸው። ባኽ የተባለው ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ ደግሞ ከ1723 ጀምሮ እስኪሞት ላይፕዚግ ቤተክርስቲያን ያገለገለ ሰው ነው፤ በብዙ ድርሰቶቹ መጨረሻ ላይ «ክብር ለእግዚአብሔር ብቻ» የሚለውን በላቲን ምህጻረ ቃል ይጽፍ ነበር። «እኔም ሁለቱን አለያያቸውም አባቴ፣ ኮንሰርት ላይ የተሳሳትኩትን ያህል እዚህም ብሳሳት ያመኛል» አላቸው። እኒያ አባት ዛሬ የልጅ ልጃቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ እጇን ይዘው የሚያመጡ ናቸው።

ከዚራ ውስጥ በአንድ የምሽት ዝግጅት ላይ ሲጫወትም ሰምቼዋለሁ። የባኽን ሻኮን ነው የተጫወተው፣ ለአንድ ቫዮሊን ብቻ የተጻፈ፣ ሩብ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ። ክላሲካል አላውቅም። ግን አራት ክር ያለው አንድ ዕቃ እንዴት እንደ ሦስት ሰው እንደሚናገር ቁጭ ብዬ አየሁ። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ነው የጨረሰችው።

አሁን ወደ አባዬ ልምጣ። አባዬ ዕድሜውን ምድር ባቡር የጨረሰ ሰው ነው፣ ፈረንሳይኛው እስከ መጨረሻው አልጠፋውም። አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ ይህ ልጅ ሳንጠራው መጣ፣ ከዚያም ሁለት ወር ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት አልቀረም። አባዬ ከፍ ያለ ድምፅ ስለማይችል ብርኩማው ላይ ትንሽ ጎማ ሰክቶ ድምፁን ያለሰልሰዋል። ሲያሻው የመዝሙር ዜማውን በትዝታ ቅኝት አድርጎ ይጫወትለታል፣ አባዬም ጣቱን ብርድ ልብሱ ላይ ያንቀሳቅሳል። አንድ ቀን የልጄን ቫዮሊን ታሪክ ነገርኩት፣ የወደቀችውን እንጨት። ዓይኑን ገለጠና «አም» አለ። «ፈረንሳዮቹ እንደዚያ ነው የሚሏት። ነፍስ ማለት ነው።» መምህሩም ቀስቱን ይዞ ቆሞ ቀረ። እስከዚያ ቀን አያውቃትም ነበር መሰለኝ። ሐሙስ በመጣ ቁጥር «አባባ፣ ዛሬ ነፍሷ ደህና ናት» ይለው ጀመር፣ አባዬም ይስቃል። ለእነዚያ ሳቆች ምን ብዬ አመሰግናለሁ? ጌታ ዘመንህን ይባርክ ወንድሜ፣ ሌላ ቃል የለኝም።

ጥቆማዬ ይኸው። ልጅ ማስተማር የምትፈልጉ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ታጋሽ ነው፣ ግን ልምምድ ሳይሠሩ መምጣትን አይወድም። ለሠርግና ለዝግጅት ዋጋውን አስቀድሞ በግልጽ ይናገራል፣ በሰዓቱም ይገኛል። ለታመመ ሰውና ለልቅሶ ግን ገንዘብ አይቀበልም፣ ልሞግተው ሞክሬ አልተሳካልኝም። የተበላሸ ቫዮሊንም ያያል፣ ከአቅሙ በላይ ከሆነ «አልችልም» ይላል እንጂ አይነካካውም። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።

ቫዮሊን ያላችሁ ደግሞ የእኛ ሙቀት እንጨቱን ያደርቀዋልና እሱ እንደሚያደርገው የተበሳች የሳሙና ዕቃ ውስጥ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ስፖንጅ አድርጋችሁ ሳጥኑ ውስጥ አኑሩ። ስትመጡም ባጃጅ ውስጥ ፀሐይ ላይ ትታችሁት እንዳትወርዱ። ገና ሰላም ሳይላችሁ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።