ውሉን መቀበል ወይስ ተጫዋቹን መልቀቅ? ናሽቪልና ኤድመንተን

በሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ (ኤንኤችኤል) ውሉ ያለቀ ወጣት ተጫዋች ከሌላ ክለብ የቀረበለትን ውል ከፈረመ፣ የነበረበት ክለብ የሚያስብበት 7 ቀን አለው። ወይ ያንኑ ውል እንዳለ ይቀበላል፣ ወይ ልጁን ለቆ በካሳ መልክ የድራፍት ምርጫ (አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾችን በየተራ የመምረጥ መብት) ይወስዳል።

ናሽቪል በ2012 (እ.ኤ.አ.) ልጁን አስቀረ። ፊላዴልፊያ ለተከላካዩ ሼይ ዌበር ያቀረበው 14 ዓመት፣ 110 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ተንኮሉ አከፋፈሉ ላይ ነው። ከግማሽ የሚበልጠው ብር የፊርማ ጉርሻ ነበር፤ ያውም ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚከፈል። ኪሱ የሳሳ ክለብ ደንግጦ እንዲለቅ ታስቦ መሆኑ ግልጽ ነው። ናሽቪል ግን ሌላውን ምሰሶውን ራያን ሱተርን በዚያው ሰሞን በነጻ አጥቷል። አራት የአንደኛ ዙር ምርጫ ቢያገኝም ዌበርን አይተኩለትም። ጥርሱን ነክሶ ከፈለ።

ኤድመንተን በ2024 ለቀቀ። ሴንት ሉዊስ ለኤድመንተን ተጫዋቾች ለፊሊፕ ብሮበርግ በዓመት 4.58 ሚሊዮን፣ ለዲላን ሆሎዌይ 2.29 ሚሊዮን ገደማ አቀረበ። ሊጉ ለክለቦች ያስቀመጠው የደሞዝ ጣሪያ ያነቀው ኤድመንተን አንድ የሁለተኛና አንድ የሦስተኛ ዙር ምርጫ ይዞ ሁለቱንም ሸኘ። የብሮበርግስ ይሁን፣ ዋጋው ተጋኗል። ሆሎዌይን መልቀቁ ግን አይዋጥልኝም። በቀጣዩ የውድድር ዘመን ለሴንት ሉዊስ 26 ጎል አገባ።