ባለፍሬም ዘመናዊ ቀፎ ለደን ተጠቃሚ አርሶ አደሮች፦ ግምገማ

ኑሯቸውን በማኅበረሰብ ደን ላይ የመሠረቱ አርሶ አደሮች ዝናብ ሲዛባና ሰብል ሲከዳቸው ዛፍ ሳይቆርጡ የሚያገኙት ገቢ ስለሚያስፈልጋቸው፣ ባለፍሬሙን ቀፎ (ንቦች የማር እንጀራቸውን በሚነሱ የእንጨት ማዕቀፎች ወይም ፍሬሞች ውስጥ የሚሠሩበትን) የገመገምሁት በዚህ መለኪያ ነው። አሜሪካዊው ሎሬንዞ ላንግስትሮት እ.ኤ.አ. በ1852 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ይህ ቀፎ፣ በፍሬሞቹና በግድግዳው መካከል ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር የሚደርስ የንብ መተላለፊያ ስለሚተው ንቦቹ ፍሬሞቹን ከግድግዳው ጋር አያጣብቁም፤ በመሆኑም የንብ እጮችን ሳይጎዱ ማሩን ለይቶ ማንሳት፣ እንጀራውንም በማር ማውጫ ማሽን ካዞሩ በኋላ ሳይሰባበር ለንቦቹ መመለስ ይቻላል። ትልቁ ብልጫው ይኸው ነው።

ድክመቱ ከአናጺው ይጀምራል። ልኩ በጥቂት ሚሊ ሜትር ከተዛባ ንቦቹ ክፍተቱን በሰም ወይም በሙጫ ይደፍኑታል፣ ቀፎውም ከተራ ሣጥን አይሻልም። ንቦቹ እንጀራ እንዲሠሩበት በፍሬሙ ላይ የሚገጠመው የሰም ንጣፍና ማር ማውጫ ማሽኑ ተጨማሪ ወጪ ናቸው (ማሽኑን የአርሶ አደሮቹ ማኅበር በጋራ ቢይዘው ይመረጣል)።

ሰብሉን የሚያደርቀው ድርቅ የደኑንም አበባ ስለሚያመናምን፣ ቀፎውን ብቸኛ መድን አድርጎ የሚሸጥ ነጋዴ አያሳምነኝም። ለጀማሪ ባለ አግዳሚ እንጨቱን የሽግግር ቀፎ (ንቦቹ ያለ ፍሬም፣ ከላይ ከተደረደሩ እንጨቶች ላይ እንጀራቸውን አንጠልጥለው የሚሠሩበትን) አስቀድማለሁ፤ ባለፍሬሙን ግን ልምድ ላላቸውና ማሽን ለሚጋሩ ማኅበራት ያለ ማመንታት እመርጥላቸዋለሁ።