አርስፓምዲ ወይስ ስፓምአሳሲን? ስፓም ላስቸገረው የራስ ኢሜይል ሰርቨር

ሁለቱም በነጻ የሚወርዱ የስፓም ማጣሪያ ፕሮግራሞች ናቸው። ገንዘቡ የሚወጣው ለሰርቨሩ ራም፣ ድካሙ ደግሞ በማስተካከሉ ላይ ነው። ሰርቨሩ ኢሜይል የሚቀበለውና የሚልከው በፖስትፊክስ ፕሮግራም ነው ብለን እንነሳ።

ስፓምአሳሲን በፐርል የተጻፈ፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ያለ አንጋፋ ማጣሪያ ነው። ለእያንዳንዱ ኢሜይል ነጥብ የሚሰጡትን ደንቦቹን ማንበብም ነጥባቸውን መቀየርም ቀላል ነው። ነገር ግን 5 ነጥብ ሲሞላ ምልክት ከመለጠፍ አያልፍም። ስፓሙን ከበር ለመመለስ ሚልተር (ማጣሪያውን ከፖስትፊክስ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም)፣ ለዲኬአይኤም ፊርማ (ኢሜይሉ ከእናንተ ዶሜይን መውጣቱን ለሚያረጋግጠው) ኦፕንዲኬአይኤም፣ ላኪን ለማዘግየት (ቆይቶ እንደገና እንዲሞክር ለማድረግ) ፖስትግሬይ መጨመር ግድ ነው፤ እያንዳንዱ የየራሱ ቅንብርና ሎግ አለው።

አርስፓምዲ በሲ የተጻፈ ሲሆን እነዚህን ሥራዎች አጠቃሎ ይዟል። ከፖስትፊክስ ጋር በፖርት 11332 ይገናኛል፤ ለቤይስ (ካያቸው መልዕክቶች ስፓምን መለየት ለሚማረው ክፍል) እና ለማዘግየቱ ሬዲስ የተባለውን የመረጃ ቋት ይፈልጋል። ቅንብሩ ካልተነካ 4 ነጥብ ላይ ያዘገያል፣ 6 ላይ ምልክት ይለጥፋል፣ 15 ላይ ላኪው ገና መስመር ላይ እያለ መልዕክቱን ይመልሳል። ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው፦ በስህተት የተመለሰበት ደንበኛ «አልደረሰም» የሚል መልስ ከራሱ ሰርቨር ያገኛል። ምልክት የተለጠፈበት ኢሜይል ግን ማንም በማይከፍተው የስፓም ማህደር ተረስቶ ይቀራል።

በማዘግየቱም ይለያያሉ። ፖስትግሬይ የማያውቀውን ላኪ ሁሉ 300 ሰከንድ ያስጠብቃል፤ ለ5 ደቂቃ ብቻ የሚሠራ የማረጋገጫ ኮድ ሲገባ ጊዜው አልፎበታል። አርስፓምዲ የሚያስጠብቀው የተጠራጠረውን ነው።

በአማርኛ ለሚጻጻፍ ቢሮ ሁለቱም ያው ናቸው፤ ሐረግ የሚፈልጉት ደንቦች በአብዛኛው እንግሊዝኛ ስለሆኑ ሸክሙ ቤይስ ላይ ይወድቃል። ቤይስ ደግሞ 200 ስፓምና 200 ደህና መልዕክት ሳያይ አይነቃም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ደህናው ሁሉ አማርኛ፣ ስፓሙ ሁሉ እንግሊዝኛ ከሆነ ማጣሪያው የሚማረው ቋንቋ መለየት ነው፤ ከዚያ የውጭ አቅራቢያችሁን ደረሰኝ ስፓም ይለዋል። የእንግሊዝኛ ደህና መልዕክቶችንም ቀላቅሉ።

የትኛውንም ብትመርጡ ዲኤንኤሱን (ሰርቨሩ አድራሻ የሚጠይቅበትን አገልግሎት) አስቀድሙ። ሰርቨሩ የጉግልን 8.8.8.8 የሚጠይቅ ከሆነ የስፓም ላኪዎችን ዝርዝር የሚይዘው ስፓምሃውስ እውነተኛ መልስ አይሰጠውም፤ 127.255.255.254 ብሎ ይመልሳል። ፖስትፊክስ ላይ የመልሱን ኮድ ሳትወስኑ ዝርዝሩን ካስገባችሁ ያንን እንደ «ስፓም ነው» ቆጥሮ የሁሉንም ላኪ ኢሜይል ይመልሳል። አንባውንድ የተባለውን የዲኤንኤስ ፕሮግራም እዚያው ሰርቨር ላይ ጫኑ፤ ጥያቄውን ለሌላ እንዳያስተላልፍ፣ ራሱ እንዲፈታ አድርጉ።

አዲስ ሰርቨር የሚያቆም አርስፓምዲን ይውሰድ። ክላምኤቪ የተባለው የቫይረስ ማጣሪያ ብቻውን ከ1 ጊጋባይት በላይ ራም ስለሚበላ፣ በ1 ጊጋ ሰርቨር ላይ እሱን ተዉት። ስፓምአሳሲን ከፖስትፊክስ ጋር ከሚያገናኘው አማቪስ ጋር ደህና እየሠራለት ያለ ሰው ግን ለመቀየር አይቸኩል፤ መጀመሪያ ከፖስትፊክስ ጋር የሚመጣውን ፖስትስክሪን ያብራ። ፖስትስክሪን አዲስ ላኪን 6 ሰከንድ ያስጠብቅና ሰላምታ ሳይሰማ የሚለፈልፈውን ቦት ይይዛል፤ ማጣሪያው ጋ የሚደርሰው ሥራም በዚያው ይቀንሳል። የአርስፓምዲን የድር ገጽ፣ ፖርት 11334ን፣ ለውጭ አትክፈቱ፤ በኤስኤስኤች (በተመሰጠረ የርቀት ግንኙነት) በኩል ግቡ።