የሰፈራችንን መግቢያ ለጠገኑልን ግንበኛ፦ ምስጋናም ጥቆማም

ግንበኛ ተጠርቶ መጥቶ «ይሄን አትንኩት፣ ያንንም ተዉት» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ጋ የሆነው ይኸው ነው። በሰፈራችን መግቢያ ግራና ቀኝ ያለው የድንጋይ ግንብ፣ ከሥሩ ያለው የአበባ መደብና ትልቁ ዛፍ በዕድሜ ሁላችንንም ይበልጡናል። መዋጮ ስናሰባስብ ያሰብነው ግንቡን ልስን ለማልበስ፣ መሬቱን እስከ ዛፉ ግንድ ድረስ ድንጋይ ለማንጠፍ ነበር። እሳቸው መጥተው ግማሹን ሰረዙብን። ክፍያቸው በዚያው ልክ እንደሚቀንስ እያወቁ!

ከዓመታት በፊት ሌላ ሰው ቀጥረን የድንጋዮቹን መጋጠሚያ በሲሚንቶ አስሞልተን ነበር። ሁለት ሦስቴ ዝናብ እስኪፈራረቅበት አምሮ ቆየ። ከዚያ የድንጋዩ ፊት እንደ ቅርፊት ይላላጥ ጀመር፤ እኛም «አርጅቶ ነው» ብለን ተውነው። እሳቸው በመዶሻ እጀታ ድንጋዩን አንድ በአንድ እያንኳኩ ድምፁን አዳመጡ። የተላጠውን በጥፍራቸው ጫር አድርገው ነጭ የጨው ብናኝ አሳዩን። ግንቡ ሲሠራ የተያያዘው በኖራ ነው፤ ኖራ ለስላሳና ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ስለሆነ እርጥበት ያሳልፋል። ሲሚንቶ ግን ይደፍነዋል። ውስጥ የገባው ውሃ በመጋጠሚያው መውጣት ሲያቅተው በድንጋዩ በኩል ይወጣል፤ ውሃው ሲደርቅ የያዘው ጨው ይጠጥርና ፊቱን ይፈነቅለዋል። «ድንጋዩስ ደህና ነበር፤ የጎዳው ማሳመሪያው ነው» አሉን። ያኔ ገንዘቡን ያዋጣነው ሰዎች እርስ በርስ መተያየት አቃተን።

ሲሚንቶውን ያወጡት በመሮና በትንሽ መዶሻ ነው። በግራይንደር ቶሎ ያልቃል ብንላቸው «የድንጋዩን ጠርዝ ይበላዋል» ብለው እምቢ አሉ። 1 እጅ ኖራ በ3 እጅ አሸዋ አቡክተው ሞሉት፤ ማታ ማታ እርጥብ ጆንያ ያለብሱት ነበር። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ ብሎ ነውና ቶሎ ከደረቀ ይፈረፈራል።

የጎደሉትን ድንጋዮች ሲተኩ ቀለማቸው ከነባሮቹ ጋር ይሄዳል፤ ጠጋ ብሎ ላየ ግን አዲስነታቸው ይለያል። መጀመሪያ አልወደድኩትም። ኋላ ላይ ስጠይቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተርም (ስለ ታሪካዊ ሕንፃዎች አጠባበቅና እድሳት የሚናገር ዓለም አቀፍ ሰነድ ነው) የሚለው ይህንኑ እንደሆነ ሰማሁ፤ የተተካው ከነባሩ ጋር ይስማማ፣ ግን ከነባሩ ይለይ።

ዛፉን የያዘችው ልጃቸው ናት። ግንዱ ሥር ለዓመታት የተከመረውን አፈር በእጇና በትንሽ መኮትኮቻ እየፈቀፈቀች ሥሮቹ ከግንዱ የሚከፈሉበት ቦታ እስኪታይ ወረደች። ተቀብሮ የኖረው ቅርፊት ረጥቦ መበስበስ ጀምሯል። ንጣፉን ከዛፉ አራቀችው፤ ቀጫጭኖቹ ሥሮች በብዛት ያሉት ላይኛው አፈር ላይ ስለሆነ እዚያ መቆፈርም መደልደልም ይጎዳቸዋል አለች። በምትኩ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር የሚሆን የእንጨት ፍቅፋቂ አለበሰችው፣ ግንዱን ሳታስነካ። መደቡንም በየሜትሩ 2 ሴንቲሜትር ያህል ከግንቡ ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ አደረገችው። አበባው ትንሽ ነው። አንዳንድ ጎረቤቶች «ብራችን የታለ?» ብለው አጉረምርመዋል፤ አልፈርድባቸውም፤ አብዛኛው ሥራ አይታይም።

እንከናቸውንም ልንገራችሁ። ከተባባልነው ቀን 11 ቀን አሳልፈዋል፤ ኖራው እስኪደርስ ጠብቀን ነው ይላሉ። ስልክም እምብዛም አያነሱም። ያረጀ ግንብ ወይም አሮጌ ዛፍ ያለበት ቦታ የምታሳድሱ ግን ከእኔ ውሰዱና ማልዳችሁ ደውሉላቸው፤ መሮ ከጨበጡ በኋላ አታገኟቸውም።